ምዕራፍ ሰባት፦ ውሻው መንገድ አያውቅም

ስለ መሪ ውሻ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ይህ ነው፦ ዓይነ ስውሩ ቀና ብሎ ቆሟል፤ «በል ምናለሽ ተራ አድርሰኝ» ይላል፤ ውሻውም ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ በሕዝቡ መሀል እየተሽሎከለከለ ያደርሰዋል። እንዲህ ያለ ውሻ በየትም አገር የለም። ውሻው ምናለሽ ተራ የት እንደሆነ አያውቅም። ቀኝ ታጠፍ፣ ግራ ታጠፍ የሚለው ሰውየው ነው። የትራፊክ መብራት ሲቀየርም ውሻው አያበስርም፤ ውሾች ቀይንና አረንጓዴን እንደ እኛ አይለዩም። መኪናው ቆሟል ወይስ እየመጣ ነው የሚለውን በጆሮው መዝኖ «ቀጥል» የሚለው አሁንም ሰውየው ነው።

የውሻው ሥራ ሌላ ነው። የቆመ ጋሪ ሲያጋጥመው ለሁለት የሚበቃ ክፍተት ፈልጎ ያዞራል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ወይም ደረጃ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሰውየው «ቀጥል» ብሎት ፊት ለፊት ክፍት ጉድጓድ ካለ ደግሞ ትእዛዙን አይፈጽምም። ይህን የመጨረሻውን አሠልጣኞች «ብልህ እምቢታ» ይሉታል። ውሻን «ና» ሲሉት እንዲመጣ ማስተማር ማንም ይችላል፤ መቼ እምቢ እንደሚል ማስተማር ግን ወራት የሚፈጅ፣ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው።

በምዕራፍ ሦስት ስለ ነጭ በትር ስናነሳ በትሩ መሰናክልን እየነካ እንደሚያገኝ አይተናል። የበትር ተጓዥ ጥጉ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ «ኳ» ሲያደርግ «መታጠፊያዬ ደርሷል» ይላል፤ መሰናክሉ ራሱ ምልክት ሆኖ ያገለግለዋል። መሪ ውሻ ግን ተጓዡን ከምሰሶው ሳያነካካ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከበትር ወደ ውሻ የሚሸጋገር ሰው ፍጥነት ያገኛል፣ ቁርጭምጭሚቱና ትከሻው ከግጭት ያርፋሉ፤ በልዋጩ ከመንገድ ምልክቶቹ ብዙዎቹን ያጣል። ያጣውን በጭንቅላቱ ውስጥ ባለ ካርታ መተካት አለበት። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም ይኸው ነው። መሪ ውሻ እፈልጋለሁ ብሎ ያመለከተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ያለ ውሻ መሄድ ይችል እንደሆነ ነው።

የጥንድ ነገር

እርዳታ ለማግኘት የሚደረግ ማጣራት እኛ አገር የታወቀ መልክ አለው። ማስረጃ አምጣ፣ የችግርህን ክብደት አስረዳ፣ የባሰበት ይቅደም። የመሪ ውሻ ግምገማ በዚህ መንገድ አይሄድም። ከሁሉ የባሰበት ሰው ውሻ ላያገኝ ይችላል፤ ብቻውን ከተማውን የሚዞር ሰው ደግሞ ሊያገኝ ይችላል። መጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል።

መቀናጆን ለሚያውቅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ የአንዱንም የሌላውንም ማሳ ያርሳሉ። ከመስማማታቸው በፊት ግን በሬዎቹን ያስተያያሉ። ቁመታቸው ካልተቀራረበ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ የአጭሩም አንገት ይላጣል። አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። በግራ መጠመድ የለመደው በቀኝ ሲገባ ይረበሻል። ተዋጊ ከሆነማ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ለየብቻቸው የተመሰገኑ ሁለት በሬዎች ተጣምረው አንዲት ጥማድ መሬት ሳያርሱ ሊመሹ ይችላሉ፤ መካከለኛ የሆኑት ሁለቱ ግን ተስማምተው ሲያርሱ ይውላሉ።

ገምጋሚውም የሚያየው እንዲሁ ጥንዱን ነው። ሰውየው በምን ፍጥነት ይራመዳል? ዝግ እያለ የሚሄድ አዛውንት ከፈጣን ጀርመን ሸፐርድ ጋር ቢጣመር ክንዱ ይጎተታል፣ ሚዛኑን ይስታል። ቁመቱስ? ረጅም ሰው ለአጭር ውሻ እጀታ ሲል ቀኑን ሙሉ ሊጎብጥ ነው። ድምፁ ልዝብ ነው ወይስ ቁጡ? ልበ ስስ ውሻ በቁጣ ድምፅ ሥራውን ይጥላል፤ ደፋሩ ውሻ ደግሞ በለሆሳስ የተነገረውን ችላ ይላል። የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ? በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ግን እዚህ ጋ ነው። ከቤት የማይወጣ ሰው ጋ የተመደበ ውሻ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ መሪ ውሻም ችሎታውን ይረሳል።

ሌላም ሰውን የሚያስገርም ነገር አለ። ጥቂት ማየት የሚችል ሰው ለውሻ የቀለለ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን የከበደው እሱ ነው። የቀረችው ብርሃን በውሻው ላይ እንዳይተማመን ታደርገዋለች። ውሻው ወደ ግራ ሲያዞር «የለም፣ ቀኙ ክፍት ይመስለኛል» ብሎ ይጎትታል። እጀታው በተጎተተ ቁጥር ውሻው «እኔን አይሰማኝም» የሚል ትምህርት ይወስዳል።

የመቀናጆው ምሳሌ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። በእርሻ እርፉን የያዘው ከበሬዎቹ ውጪ ያለ ሦስተኛ ወገን ነው። እዚህ እርፉን የያዘው ከተጠመዱት አንዱ ነው። ሰውየው እየተመራም ይመራል። ይህን ድርብ ሥራ መቻሉን ለማወቅ ወረቀት አይበቃም፤ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ጁኖ የምትባል ውሻ

በብዙ የመሪ ውሻ ትምህርት ቤቶች ግምገማው ውስጥ «የጁኖ ጉዞ» የሚባል አለ። ጁኖ የምትባለው ውሻ ግን የለችም። አሠልጣኙ ራሱ ጁኖ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪ ውሻ ከትከሻው ላይ ቀበቶ ይታሰርለታል፤ ከቀበቶው ጠንካራ የእጅ መያዣ ይወጣል። አመልካቹ መያዣውን በግራ እጁ ይጨብጣል። ውሻው መኖር በነበረበት በኩል አሠልጣኙ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል። «ጁኖ፣ ወደ ፊት!» ይላል አመልካቹ፤ አሠልጣኙ ይነሳል። «ጁኖ፣ ቀኝ!» ይላል፤ አሠልጣኙ ይታጠፋል። መንገድ ላይ ለሚያያቸው ሰው አስቂኝ ትርኢት ነው። አንድ ጎልማሳ ሌላውን ጎልማሳ በውሻ ስም ይጠራል፣ ጥሩ ሲሠራም «ጎበዝ ጁኖ!» እያለ ያሞግሰዋል።

አሠልጣኙ ግን ሥራ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ አመልካቹ የሚመቸው የት ላይ እንደሆነ ከመያዣው ንዝረት ያውቃል። ይጎትታል፤ ሰውየው ምን ያህል ጉተታ እንደሚወድ ይለካል። በድንገት ይቆማል፤ ሰውየው አብሮ ይቆማል ወይስ ረግጦት ሊያልፍ ነው? ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ ውሻ አንድ ነገር ሲያሸት የሚያደርገውን ያደርጋል። አመልካቹ ይህን በእጁ ብቻ ያውቃል? ሲያውቅስ ይቆጣል፣ ይለማመጣል ወይስ በአጭር ቃል ወደ ሥራው ይመልሰዋል? ከዚህ ጉዞ በኋላ አሠልጣኙ በሠለጠኑት ውሾች መካከል ሲዞር የሚፈልገውን ያውቃል። ፍጥነቱ ይህን ያህል፣ ጉተታው ልዝብ፣ ግርግር የማያስበረግገው።

ውሻውም ከግምገማ አያመልጥም። ጫጫታ የሚያስደነግጠው፣ የምግብ ሽታ የሚያሸንፈው፣ የዳሌ አጥንቱ ደካማ የሆነው ከሥልጠናው ይወጣል። ከሚያሠለጥኗቸው ውሾች ብዙዎቹ መሪ ሳይሆኑ ይቀራሉ። ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ጀርመን ሸፐርድ በዚህ ሥራ ገንነው የምናያቸው ጠባያቸውና ቁመታቸው ለሰው እርምጃ ስለሚስማማ ነው።

ከኦልደንበርግ እስከ ሀበን

የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት ታሪክ ከጦርነት ይጀምራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ የጀርመን ወታደሮች ሐኪሙ ጌርሃርድ ሽታሊንግ እ.ኤ.አ. በ1916 ኦልደንበርግ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ዶሮቲ ዩስቲስ የተባለች በስዊዘርላንድ ውሻ የምታሠለጥን አሜሪካዊት ይህን መሰል ትምህርት ቤት አይታ እ.ኤ.አ. በ1927 በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈች። ጽሑፉ የተነበበለት የናሽቪሉ ወጣት ዓይነ ስውር ሞሪስ ፍራንክ ደብዳቤ ላከላት፤ በ1928 ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ በዲ ከምትባል ውሻ ጋር ተመለሰ። ኒውዮርክ ሲደርስ በጋዜጠኞች ፊት በመኪና የተጨናነቀውን ዌስት ስትሪትን ከበዲ ጋር ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት «ዘ ሲይንግ አይ» የተባለው ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ዛሬ በኒውጀርሲ ሞሪስታውን ይገኛል፤ ለመጀመሪያ ውሻ 150 ዶላር፣ ለቀጣዮቹ 50 ዶላር ብቻ ያስከፍላል። ዋጋው ውሻውን፣ ሥልጠናውን፣ ማደሪያና ምግቡን ሁሉ ያካትታል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ውሻ ካገኙት መካከል ስሟ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነ አንዲት ሴት አለች። ሀበን ግርማ እ.ኤ.አ. በ1988 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ተወለደች፤ እናቷ ከኤርትራ፣ አባቷ ከኢትዮጵያ ናቸው። ማየትም መስማትም የተሳናት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ስትመረቅ ማየትና መስማት ከተሳናቸው የመጀመሪያዋ ሆነች። በሃርቫርድ ዘመኗ ከጎኗ የነበረችው ማክሲን የምትባል ጀርመን ሸፐርድ ነበረች። በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ በቁልፍ ሰሌዳ እየጻፉ፣ እሷ በብሬል መሣሪያ በጣቶቿ እያነበበች አውግተዋል።

ቀደም ብዬ መኪናን በጆሮ መመዘን የሰውየው ሥራ ነው ብያለሁ። ይህ የማይነቃነቅ መስፈርት ቢሆን ኖሮ በሩ ለሀበን ዝግ ነበር። ግምገማው ነጥብ ሰብስቦ አሳልፍ ወይም ጣል የሚል ፈተና ስላልሆነ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ይህች ሴት ከውሻው በፊት በበትር ብቻዋን መጓዝ ተምራለች፤ የት እንዳለችና ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች፤ የውሻው እንቅስቃሴ በመያዣው በኩል ወደ እጇ ይደርሳል። ጆሮ የሚሠራውን ሥራ በምን እንተካላት? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ መልስ ያገኛል።

ማክሲን በ2018 ሞተች፤ ሀበን ማይሎ ከሚባል ሌላ ጀርመን ሸፐርድ ጋር ተጣመረች። መሪ ውሻ በሥራ ላይ የሚቆየው ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ስለዚህ ወጣት ሆኖ የጀመረ ሰው በዕድሜው ብዙ ጊዜ ይገመገማል፤ በሃያ ዓመቱ የተስማማው የውሻ ጠባይ በሃምሳ ዓመቱ ላይስማማው ይችላል።

መርካቶ ሲገመገም

እኛ አገር ዓይነ ስውርን የሚመሩት በትርና የሰው ክንድ ናቸው። ግን እናስብ። አንዲት ዓይነ ስውር ነጋዴ ምናለሽ ተራ ሱቅ አላት፣ መሪ ውሻ ለማግኘት አመልክታለች እንበል። ገምጋሚው የጁኖን ቀበቶ ይዞ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቆሟል።

መጀመሪያ የሚገርመው መልካሙ ነገር ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ሲያዛውር ሠፈሩን በቀጥታ ጎዳናዎች ሸንሽኖታል። ከላይ ካለው ትርምስ ስር ያለው ንድፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድና ቀጥ ያለ ማዕዘን ደግሞ ለዓይነ ስውር በጭንቅላት ለመያዝ የቀለለ ካርታ ነው። ተራዎቹም ራሳቸውን ይናገራሉ። በርበሬ ተራ ከመድረሱ በፊት አፍንጫን ይቆነጥጣል። ምናለሽ ተራ በብረት ቅጥቀጣው ከሩቅ ይታወቃል። ከአንዋር አዛን፣ ከራጉኤል ቅዳሴ በሚሰማበት ሰዓት መሀል ላይ የቆመች ሴት አቅጣጫዋን የሚነግሯት ሁለት የድምፅ ምሰሶዎች አሏት። ውሻ ምሰሶውን ሳያስነካ ቢያሳልፋት እንኳ ሽታና ድምፁን አይወስድባትም። አካባቢውን በማወቅ በኩል ይህች ነጋዴ ግምገማውን በከፍተኛ ውጤት የምታልፍ ይመስለኛል።

ከዚያ እርምጃው ይጀመራል። «ጁኖ፣ ወደ ፊት!» ጁኖ ይነሳል። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ መሬት ላይ የተነጠፈ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ካልሲና ቀበቶ። በግራ ማለፍ አይቻልም፣ ሱቁ ዕቃውን እስከ ጠርዙ አውጥቷል። በቀኝ ቢሉ መኪና መንገድ ነው፤ ከኋላ «ገለል በሉ! ሸክም ነው!» እያለ አንድ ወዛደር ጆንያ ተሸክሞ ይመጣል። የተሸከመ ሰው አይቆምም፤ ቢቆም ጀርባው ይቀጣዋል። መሪ ውሻ የሠለጠነው ለሁለት የሚበቃ ክፍተት እንዲፈልግ ነው። ክፍተት ከሌለ ይቆማል። በትክክል ሠርቷል ማለት ነው፤ ሴትየዋ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። በበትር ቢሆን በትሯን አቁማ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ሰብሰብ አድርገው» ብላ፣ በካልሲዎቹ መሀል ጫፍ ጫፉን ትሄድ ነበር።

ገምጋሚው ይህን ይጽፋል። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ጁኖ «ብልህ እምቢታ» አሳይቷል፤ ይህ ለውሻው ነጥብ ነው። ልኳንዳ ቤቱ ፊት ለፊት ግን አምስት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተኝተዋል። ባለ ቀበቶ ውሻ ቢመጣ ይነሳሉ። እነሱ በጥርስ ቢመጡ መሪው ውሻ ሥራውንም ሴትየዋንም ሊጥል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ገና ያልጠፋ በመሆኑ አንድ ንክሻ ለውሻውም ለሴትየዋም የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሰዉስ? ውሻ እዚህ ሠፈር ዘበኛ ነው ወይም የሚባረር ነው። በትእዛዝ የሚሄድ ውሻ ሲያይ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ «ይናከሳል?» ይላል፣ ልጆች ይከተላሉ። ብዙ ሙስሊም የውሻ ምራቅ ከነካው ለሶላት መታጠብ አለበት፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ውሻ አያስገባም። ገምጋሚ ይህን እንደ ኋላቀርነት አይመዘግብም። የሚጠይቀው ተግባራዊውን ነው፦ አርብ ወይም እሑድ ውሻው ከማን ጋር ይቆያል? የግምገማው ቅጽ ላይ ይህች ሴት ብቻ ሳትሆን ሠፈሩም አመልካች ነው፤ ዛሬ ባለው ሁኔታ የወደቀው ሠፈሩ ነው።

ስለዚህ ውሻ ይምጣ ወይስ ይቅር?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉም በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ገንዘብ ቢገኝ ከውሻ በፊት የሚሄደው ወደዚያ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

ውሻ ፈጽሞ አያስፈልገንም ማለቴ ግን አይደለም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የመሪ ውሻ ማኅበር አለ፤ ጉዳዩ የአውሮፓና የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 20 አገሮች የመንቀሳቀሻ መሣሪያና ሕያው ድጋፍ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያመቻቹ ያዛል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ጠይቋል። በወረቀት ላይ ያለው መንገድ ከመሬቱ ይሻላል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። መርካቶ ለመሪ ውሻ የሚበቃው ለነጭ በትር የበቃ ዕለት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከሰው ይጀምራል። በየትምህርት ቤቱ ላሉ ዓይነ ስውራን ልጆች በትር ይዞ ብቻን የመጓዝ ትምህርት፣ ለጎዳናው የጉድጓድ ክዳን፣ ለውሾች ክትባት። ይህ ከተሟላ የጁኖን ቀበቶ ይዞ የሚመጣው ገምጋሚ የሚያየው ሌላ መርካቶ ይሆናል።

እስከዚያው የሰው ክንድ ይቀጥላል፤ አያያዙንም በምዕራፍ ስድስት አይተናል። መርካቶ ሱቅ ያላችሁ አንባቢዎች ዕቃችሁን ከእግረኛው መንገድ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ሳቡት። በትር የያዘ ሰው ፊታችሁ ሲቆም ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት። «ወንድሜ፣ ላግዝህ?» በሉት፤ እሺ ካለ ክርናችሁን ስጡትና እሱ ይያዛችሁ፤ ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን እሱ ይንገራችሁ።